«ይሄ ደግሞ በማን ገንዘብ ነው?»

ደብረ ብርሃን ላይ ለሠዓሊዎች፣ ለመምህራን፣ ለማዘጋጃ ቤት ሰዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካክቼዋለሁ። በመሐል የተነሱትን ጥያቄዎችም እዚያው በቦታቸው አስገብቻቸዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ብዙ አላቆያችሁም፤ በቀጥታ ልግባ።

አንድ ሰው አደባባይ ላይ የቆመ ወይም አዳራሽ ውስጥ የተዘረጋ ነገር ያያል። ዞር ዞር ብሎ ያየዋል። «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ፈጀ?» ይላል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በማን ገንዘብ?» ይላል። እኛ የሥነ ጥበብ ሰዎች ለዚህ ሰው የምንሰጠው መልስ ያው የታወቀ ነው። «አልገባውም» ብለን እናልፈዋለን። ትንሽ ጨከን ስንል ደግሞ «ገና አልነቃም» እንላለን።

ይሄ መልስ ያናድደኛል። ሰውየው ግብር የሚከፍል ሰው ነው። ለመንገድ አዋጣ ሲባል አዋጥቷል፣ ለትምህርት ቤት አዋጣ ሲባል አዋጥቷል። የጠየቀው ስለ ራሱ ገንዘብ ነው። የቤቱን ወጪ የጠየቀ ሰው ደግሞ አላዋቂ አይባልም።

እንዳትሳሳቱ፣ እኔ ሐሳብን የሚያስቀድም ጥበብ እወዳለሁ። በመንግሥት በጀት ቢደገፍም ደስ ይለኛል። እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ማየትም እፈልጋለሁ፣ በጣም እፈልጋለሁ። የመጣሁት ግን ጠያቂውን ሰው ይዤ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልስ ይገባዋል፣ መልሱም ሥራው ከመሠራቱ በፊት ነው መሰጠት ያለበት። የዛሬ ንግግሬ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ኮንሴፕችዋል አርት የሚሉት፣ በአማርኛ ጽንሰ ሐሳባዊ ጥበብ የምንለው፣ ዋናው ነገር ሐሳቡ የሆነበት ሥራ ነው። የእጅ ሙያው ሁለተኛ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ብዙ ሰው መነሻ አድርጎ የሚጠቅሰው ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ማርሴል ዱሻምን ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ኒው ዮርክ ላይ ከሱቅ የተገዛ የወንዶች ሽንት መሽኛ አጋድሞ፣ በሌላ ስም ፈርሞበት፣ «ፋውንቴን» ብሎ ለኤግዚቢሽን አቀረበው። የኤግዚቢሽኑ ደንብ 6 ዶላር የከፈለ ሁሉ ሥራውን ማሳየት ይችላል የሚል ነበር። የሱን ግን አላሳዩትም። ዋናው ዕቃ ጠፋ፤ ዛሬ በየሙዚየሙ ያለው ኋላ የተሠራ ቅጂ ነው። አንድን ነገር ጥበብ የሚያደርገው ማን ነው የሚለው ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አለ። ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሕዝብ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ክርክሩ በአብዛኛው በጥበብ ሰዎች መካከል ቀረ። ገበያ የወጣች እናት አልተቆጣችም፤ ምን ቤቷ ነው?

ነገሩ የሚግለው የሕዝብ ገንዘብ ሲገባበት ነው።

ለንደን ውስጥ ቴት የሚባል የሕዝብ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካዊውን የካርል አንድሬን ሥራ ገዛ። ሥራው ጡብ ነው። 120 የምድጃ ጡብ፣ ስድስት በአሥር ሆኖ በሁለት ድርብ ወለል ላይ የተደረደረ። ስሚንቶ የለው፣ ማጣበቂያ የለው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፤ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አይርቅም። ግንበኛ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ደርድሮት የሄደ ነው የሚመስለው። አንድሬ ሥራውን መጀመሪያ ያሳየው በ1966 ነበር። ያኔ ገዢ ሲያጣ ጡቦቹን ለፋብሪካው መለሳቸው፤ በኋላ በሌላ ጡብ እንደገና ሠራው። ቴት የገዛው ይሄንን ነው።

በ1976 የእንግሊዝ ጋዜጦች አገኙትና ያዙት። «ገንዘባችን በጡብ ላይ ጠፋ» የሚል ጩኸት አገሩን ሞላው። ካርቱኑ፣ ቀልዱ፣ ለጋዜጣ የሚጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነው። አንድ ጎብኚማ ሰማያዊ ቀለም ደፋበት።

አሁን ሁለት ነገር ላሳያችሁ። አንደኛው ቀኑ ነው። ሥራው የተገዛው በ1972 ነው፤ ሰው የተቆጣው በ1976። በመሐል አራት ዓመት አለ። ጡቡ ያው ጡብ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው ኑሮው ነው። በ1975 የእንግሊዝ የዋጋ ንረት ከ24 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። 1976 ደግሞ ያ ትልቅ አገር ከአይ ኤም ኤፍ ብድር የጠየቀበት ዓመት ነው። ዳቦ የተወደደበት ሰው ጡብ ሲገዙለት ይናደዳል። ይሄን ቁጣ ጥበብን መጥላት ነው ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። ቁጣው የኑሮ ነው፤ ጡቡ ላይ አረፈ።

ሁለተኛው ነገር ከኛ ከጥበብ ሰዎች የሚመጣው ጥፋት ነው። አንድሬ የሠራው አንድ የጡብ ድርድር ብቻ አልነበረም። ስምንት ናቸው። ስምንቱም 120 ጡብ ናቸው፣ ስምንቱም በሁለት ድርብ ናቸው፣ ግን አንዱ ረዘም ይላል፣ አንዱ ሰፋ ይላል፣ አንዱ ጠበብ። ብዛቱ እኩል፣ መልኩ ለየቅል። አንድ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ በስምንቱ መሐል ብትመላለሱ ዓይናችሁ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ ይላችኋል፤ ልባችሁ ደግሞ እኩል መሆናቸውን ያውቃል። ሐሳቡ እዚያ ላይ ነው፤ ለኔ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ቴት የገዛው ግን ስምንተኛውን ብቻ ነው። ለሕዝቡ የደረሰው ከስምንት የተነጠለ አንድ የጡብ ክምር ሆነ። አንድን ነገር ከነሐሳቡ ቆርጠህ አምጥተህ፣ ሳታስረዳ መሬት ላይ አስቀምጠህ፣ ሰውየው ጡብ ብቻ ነው ያየሁት ሲል ብታፍርበት ጥፋቱ ያንተ ነው።

እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እሺ ይሁን። ግን የኛ ልጆች የሚማሩበት ክፍል እያፈሰሰ፣ ቦኖ ላይ ጀሪካን ተሰልፎ፣ ሐሳብ በገንዘብ ይገዛል እንዴ?»

አባቴ፣ ትልቁን ጥያቄ ጠየቁኝ። አላመልጠውም።

ቀላሉ መልስ «ሁሉም ችግር እስኪያልቅ ከተጠበቀ ጥበብ አይኖርም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ግን ለሚያፈስ ጣሪያ መልስ አይሆንም። እኔ ሌላ ነገር ላስታውስዎት። በዚህ በኛ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝም ተጉለትም ቡልጋም፣ ሕዝቡ የማይገባውን ጥበብ በራሱ እህል ሲደግፍ ነው የኖረው። የቆሎ ተማሪውን ማለቴ ነው።

ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የቤቱ እመቤት ያላትን ቁራሽ ትሰጠዋለች። በክፉ ዓመትም ትሰጠዋለች፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ። ልጁ ያንን በልቶ የሚሠራው ምንድን ነው? ቅኔ ነው። በግዕዝ፣ ምስጢሩ ተደብቆ፣ ግዕዝ የሚያውቀው እንኳ ደጋግሞ ካላሰበበት የማይፈታው ቅኔ። ሴትየዋ አንዱም አይገባትም። ሆኖም «በማን እህል ነው ይሄ ልጅ የሚቀኘው?» ብላ አታውቅም።

ለምን? በሃይማኖት ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ለነፍሷ ብላ ነው፤ ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ልጁን ታየዋለች። በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ ጎጆው ውስጥ ሲያጠና፣ ወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ታየዋለች። ልፋቱ አልተደበቀባትም። ደግሞ ፈታኝ እንዳለበት ታውቃለች። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ጎዶሎ ከሆነ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይነቀፋል። ማንም ተነስቶ ባለቅኔ ነኝ አይልም። በዓል ሲሆን ደግሞ እሷው ባለችበት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይቀኛል፤ የገባቸው ሰዎች ፊታቸው ሲበራ ታያለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የገባቸውን ትጠይቃለች፣ በአማርኛ ይነግሯታል። እናም ትደሰታለች። የሷ እንጀራ እዚያ ውስጥ አለበት።

ስለዚህ ሕዝባችን የማይገባውን አይደግፍም የሚለውን አልቀበልም። ሕዝባችን የሚደግፈው የሚያምነውን ነው። ሥራው ባይገባውም ሠሪውን ካየ፣ የሚፈትነው ካለ፣ ኋላም የሚያስረዳው ካለ እጁ አይሰስትም። የዘመኑ ጥበብ ያጎደለው እነዚህን ነው። ሠዓሊው አይታይም። ማን እንደመረጠው አይታወቅም። የሚያስረዳ የለም፤ ካለም የተጻፈው በሌላ ሠዓሊ ቋንቋ ነው።

ጥርጣሬያችን ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም፤ ታሪክ አለው። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። ቁመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። በዚያው ወቅት ወሎና ትግራይ፣ ይፋትና ጥሙጋም ጭምር፣ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው አለ። ያ ሐውልት ጽንሰ ሐሳባዊ አይደለም። ወታደሩ ወታደር ነው፣ ኮከቡ ኮከብ ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። ሰው ግን ተቀየመበት። እንግዲህ ቅያሜው ከ«አልገባኝም» አይደለም የሚመጣው። ማንም ሳይጠይቀን፣ በተራብንበት ቀን፣ በስማችን ቆመ ነው ነገሩ። ዛሬ አንድ ወጣት ኢንስታሌሽን፣ ማለትም አዳራሽ ወይም አደባባይ ላይ የሚዘረጋ ሥራ፣ ላሳይ ብሎ ሲመጣ የሚጠብቀው ፊት ያንን የሚያስታውስ ፊት ነው። የሱ ጥፋት አይደለም። ግን ማወቅ አለበት።

ደግሞ ሌላውንም ማንሳት ፍትሐዊ ነው። አፈወርቅ ተክሌ የዚህ አገር ልጅ ነው፣ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው የተወለደው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሠራው የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚያሳይ። እሱንም ቢሆን ሕዝቡ ተሰብስቦ አልመረጠውም። ግን ሰው ፊቱ ሲቆም የሚይዘው ነገር ያገኛል፣ ሰንሰለቱን ያያል፣ ችቦውን ያያል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ ኮሎኝ ጀርመን ተምሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲመለስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል፣ የሚታወቅ ነገር መልክ የማይታይበት ሥዕል፣ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። «ኢትዮጵያዊ አይደለም» እስከ መባል ደርሷል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1965 የሱ ሆነ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ ሙዚየም አለ። ያኔ የነበረው ተመልካች ያወራ የነበረው ስለ ቀለም ነው፤ የዛሬው የሚያወራው ስለ በጀት ነው። ሁለቱን አንቀላቅል። ጊዜ ወስዶ የሚወደድ ሥራ አለ፤ ያንን ትዕግሥት እኛም ተመልካቾች መማር አለብን። ግን ትዕግሥት ከሒሳብ ነፃ አያወጣም።

አሁን ወደ ኒው ዮርክ ልውሰዳችሁ። እዚያ የሆነው ነገር ለማዘጋጃ ቤት ሰዎች ትምህርት ይሆናል ብዬ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ሕንፃ ሲሠራ ከወጪው ግማሽ በመቶውን ለሥነ ጥበብ የሚመድብበት አሠራር አለው። በዚያ ገንዘብ፣ 175 ሺህ ዶላር ተከፍሎት፣ አሜሪካዊው ቀራፂ ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1981 ማንሃተን ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፊት ያለ አደባባይ ላይ አንድ የብረት ግድግዳ አቆመ። ርዝመቱ ከ36 ሜትር በላይ፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ። ትንሽ ያዘመመ፣ ትንሽ የጎበጠ፣ እንዲዝግ ተብሎ የተመረጠ ብረት። የሴራ ሐሳብ ሰው ሲያልፍ ሰውነቱንና ቦታውን እንዲያስተውል ነው። ቀጥ ብለህ ወደ ሥራህ እንዳትሮጥ፣ እንድትዞር፣ ስትዞርም የት እንዳለህ እንድታውቅ።

ችግሩ፣ እዚያ በየቀኑ የሚያልፈው ሰው አልተጠየቀም። ሴራን የመረጡት ባለሙያዎች ናቸው። ምሳውን አደባባዩ ላይ ይበላ የነበረው ጸሐፊ፣ በአቋራጭ የሚሄደው ተላላኪ አንድ ቀን ጠዋት ሲመጣ ግድግዳ ጠበቀው። ተቃውሞው በረታ፣ በ1985 የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ቁጥሩን ስሙት። 122 ሰው ይቆይ ብሎ ተናገረ፣ 58 ሰው ይነሳ አለ። የሰሚው ጉባኤ ደግሞ 4 ለ1 ይነሳ ብሎ ወሰነ። ሴራ ሥራው ለዚያ ቦታ የተሠራ ነው፣ ከቦታው ከተነሳ ጠፋ ማለት ነው ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ፣ ተረታ። መጋቢት 1989 ሌሊት ላይ ቆራርጠው አነሱት።

ማን ትክክል ነበር? እኔ እንጃ ብዬ አላልፍም። ሁለቱም ወገን ተበድሏል ነው የምለው። ሠራተኛው ቦታው ላይ ድምፅ ሳይኖረው ግድግዳ ቆመበት፤ ሴራም ቋሚ ነው ተብሎ የሠራውን ከስምንት ዓመት በኋላ ቆረጡበት። ያ ስብሰባ ከ1981 በፊት ቢጠራ ኖሮስ? ምናልባት ሥራው ከነጭራሹ አይሠራም ነበር። ምናልባት ሌላ ቦታ ይሠራ ነበር። ምናልባትም ሴራ ቆሞ ሐሳቡን ሲያስረዳ የሰማው ጸሐፊ ግድግዳውን በሌላ ዓይን ያየው ነበር። ከገንዘቡና ከብረቱ በፊት መነጋገር ሲቻል፣ ብረቱ ከቆመ በኋላ ተነጋገሩ።

ተቃራኒውን ልንገራችሁ፣ ኳስ የምትወዱ ወጣቶች ደግሞ ይህን ትወዱታላችሁ። ሰሜን እንግሊዝ ጌትስሄድ የሚባል ከተማ አለ፣ ከኒውካስል ወንዝ ማዶ። የድሮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በነበረበት ኮረብታ ላይ የቀራፂውን የአንቶኒ ጎርምሊን ትልቅ የብረት መልአክ አቆሙ። ቁመቱ 20 ሜትር፣ ክንፉ 54 ሜትር። ወጪው 800 ሺህ ፓውንድ፣ አብዛኛው ከብሔራዊ ሎተሪ የመጣ። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም፣ ጋዜጦቹም ዘመቱበት። ምክር ቤቱ ግን ለዓመታት ሲከራከርና ሲያስረዳ፣ በየትምህርት ቤቱ ሲያስተምርበት ቆየ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 ቆመ። በግንቦት ኒውካስል ለዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ደጋፊዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ግዙፍ የአጥቂያቸውን የአላን ሺረርን 9 ቁጥር ማልያ ሰፍተው መልአኩን አለበሱት። ያኔ ነገሩ አለቀ። የነሱ ሆነ። መልአኩ ጽንሰ ሐሳባዊ አይደለም፣ ሐውልት ነው፤ ያመጣሁት ስለ አካሄዱ ነው።

አንዲት እህት «ሠዓሊው በራሱ ገንዘብ ከሠራስ፣ እኛን ምን አገባን?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክሪስቶና ዣን ክሎድ የሚባሉት ባልና ሚስት ሥራቸውን ሁሉ በራሳቸው ገንዘብ ነበር የሚሠሩት፣ ንድፉን እየሸጡ። የበርሊንን የፓርላማ ሕንፃ በጨርቅ ሊጠቀልሉ ያሰቡት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የተሳካላቸው በ1995። ከመንግሥት ሳንቲም አልወሰዱም፣ ግን ሕንፃው የሕዝብ ነውና የጀርመን ፓርላማ ተሰብስቦ ተከራከረበት፣ 292 ለ223 ፈቀደ። ሁለት ሳምንት ቆሞ 5 ሚሊዮን ሰው አየው። እህቴ፣ ገንዘቡ የራስ ቢሆንም ቦታው የሁሉም ከሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

እምነት ሲበላስ? ይሄንንም መደበቅ የለብኝም፣ ምክንያቱም ተቃዋሚዎቻችን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዴንማርክ ኦልቦር ከተማ ያለ ሙዚየም ለሠዓሊው ለየንስ ሃኒንግ 534 ሺህ ክሮነር በጥሬ ገንዘብ አበደረው። ገንዘቡን ፍሬም ውስጥ ለጥፎ የሰዎችን የዓመት ገቢ የሚያሳይ የድሮ ሥራውን እንዲደግም ነው። ሃኒንግ የላከው ሁለት ባዶ ሸራ ነው፤ ርዕሱ «ገንዘቡን ይዘህ ሩጥ»። ሙዚየሙ ሥራውን ሰቀለው፣ ገንዘቡን ግን መልስ አለ። አልመልስም አለ። በ2023 ፍርድ ቤት የሠዓሊነት ክፍያው ተቀንሶለት 492 ሺህ ክሮነር ገደማ እንዲመልስ ፈረደበት። ስለ ደመወዝ ማነስ የሚናገር ኃይለኛ ሐሳብ ነው፣ ይሄን አልክድም። ግን ውል ገብቶ የተቀበለውን የአደራ ገንዘብ ነው የያዘው። ፍርዱ ትክክል ነው። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚጎዳው ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ምስኪን ሠዓሊ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ።

አንዲት የሥዕል ተማሪ ያጫወተችኝ ሐሳብ አለ። ፈቅዳልኛለች፣ ልንገራችሁ። ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖቻችን አሉ። እያንዳንዱን ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ልትጠይቅ ትፈልጋለች፦ «ከቤታችሁ ደጃፍ አንስቶ በጣም እስከምትወዱት ቦታ ድረስ ስንት እርምጃ ነበር?» ወደ ምንጩ ይሁን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይ ወደ መስጊዱ፣ ወደ ጎረቤት ቡና መጠጫ። ከዚያ የመንዝ እናቶች ከበግ ፀጉር በዚያ እርምጃ ልክ ክር ይፈትላሉ። ክሩ ይጠቀለላል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ልቃቂት። ልቃቂቶቹ አዳራሽ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ከሎሚ የማያንስ ከብርቱካን የማይበልጥ ነው፣ ጎረቤቱን ይወድ የነበረ ሰው ነው። ሌላው የሰው ራስ ያህላል፣ ምንጩ ሩቅ ነበር። ሌላ ነገር የለም። ሥዕል የለም፣ ፎቶ የለም።

ሐሳቡን ሳታውቁ ብትገቡ የምታዩት ክር ነው። «ክር ለማየት ነው የጠራችሁን?» ልትሉ ትችላላችሁ። ስታውቁ ግን ያንን ትንሹን ልቃቂት ማለፍ ይከብዳችኋል። እኔ ስሰማው ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ጽንሰ ሐሳባዊ ጥበብ የሚችለው ነገር ይሄ ነው፤ ቀለምና ብሩሽ እንዲህ አድርገው ርቀትን እጅ ላይ አያስይዙም። የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋል የምለውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሳሎን ግድግዳው የሚገዛ ባለሀብት የለም። ወይ ሕዝብ ይይዘዋል፣ ወይ አይሠራም።

ግን እነዚያ አባት የጠየቁኝ ጥያቄ እዚህም ይነሳል። ተፈናቃይ ዱቄት እየቸገረው ለክር በጀት? ልክ ናቸው። ይሄንን መመለስ ያለብኝ እኔ አይደለሁም፣ ማዘጋጃ ቤቱም አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቁት ራሳቸው ተፈናቃዮቹ ናቸው። ልጅቷ መጠለያው ድረስ ሄዳ፣ ቁጭ ብላ፣ «እንዲህ አስቤያለሁ፣ ታምኑበታላችሁ ወይ?» ትበል። «መከራችንን ለማሳያ አናውልም» ካሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል። «እንቆጥራለን፣ እናንተም እወቁልን» ካሉ ደግሞ እኛ ዱቄት ይሻላቸዋል ብለን በነሱ ቦታ መወሰን አንችልም። ዱቄቱም የእርዳታ በጀት አለው፣ ከሱ ላይ አንድ ብር አይነካ።

ለማዘጋጃ ቤት ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው ይሄ ነው። ለጥበብ የምትመድቡት ትንሽም ቢሆን ከመመደባችሁ በፊት ሠሪውን እንዲህ እንደዛሬው ሕዝብ ፊት አቁሙት። መራጮቹ ውስጥ ሁለት ሦስት ሠዓሊ ይኑር፣ ያው ፈታኝ ያስፈልጋል፤ ግን ከዕድር ሰው ይግባ፣ ቦታው አጠገብ ሱቅ ያላት ሴት ትግባ። ዋጋው ከሥራው ሥር ይለጠፍ፣ ከርዕሱ እኩል በሚነበብ ፊደል። የቁሳቁሱ ስንት፣ የእጅ ዋጋው ስንት። ስንት እንደፈጀ የማይነገረው ሥራ ላይ ሰው ሁልጊዜ ትልቅ ቁጥር ይገምታል። የሚያስረዳ ሰው ደግሞ በአማርኛ ያስረዳ፣ ለሽማግሌም ለሕፃንም።

ለሠዓሊዎች ደግሞ፣ ሕዝቡን ጠየቃችሁ ማለት ሕዝቡ የሚያዛችሁን ትሠራላችሁ ማለት አይደለም። ሴትየዋ ለቆሎ ተማሪው እንዲህ ብለህ ተቀኝ አላለችውም። ሐሳባችሁን አትሸራርፉ። ግን ቁሙና አስረዱ። ማስረዳት ሥራውን ያረክሰዋል የሚል ነገር ከየት እንደለመድነው አላውቅም። የተብራራ ሐሳብ ሁሉ ባዶ የሚሆን ከሆነ መጀመሪያውኑ ብዙ አልነበረበትም።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ አይተነው ካልወደድነውስ?» አሉ።

ካልወደዱት ይናገራሉ፣ እማዬ። ሥራውም ይነሳል፣ ግን ውሉ ላይ በተጻፈው ቀን ይነሳል። የኒው ዮርኩ እንዳይደርስብን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩት ሁሉ ጊዜያዊ ይሁኑ። ሦስት ወር ወይም አንድ ክረምት፣ ቀኑ ከመጀመሪያው ይታወቅ። በዚያ መሐል ሠሪው ሳይፈቅድ ማንም አያንሳው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሠሪው ይቆይልኝ ብሎ አያስቸግር። የወደደው ሰው ከበዛ ይቆይ ብሎ ያመልክት፣ እንደገና ይወሰን። ልቃቂቶቹ የተገኙት ከቤተሰቦቹ ነውና ሲነሳ ለየባለቤቱ ይመለሱ። ካልሲ ቢሠሩበት የራሳቸው ጉዳይ ነው፣ ክሩ የበግ ፀጉር ነው፣ ያሞቃል። የፈታዮቹ እናቶች ሒሳብ ግን ኤግዚቢሽኑ እስኪከፈት እንዳይጠበቅ። ክሩን ባስረከቡ ቀን ይከፈላቸው፣ ይሄም ውሉ ላይ ይጻፍ።